ከፎቶግራፉ ጀርባ «ስታንሊቪል፣ 1952»፦ የኮንጎ የመጀመሪያ ዓመትና የአባትዎ ዝምታ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«አባቴ የኮንጎ ዘማች ናቸው፤ ዕድሜያቸው 86 ደርሷል። ከአንድ ፎቶግራፋቸው ጀርባ በእጅ ጽሑፋቸው ‹ስታንሊቪል፣ 1952› ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ኮንጎ ነፃ የወጣችው በ1960 እንደሆነ አንብቤያለሁ። በ1952 ጦራችን የነበረው ኮሪያ አይደለም? ሌላው ጉዳይ ከበድ ይላል። ልጄ ‹የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች የኮንጎው የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ ሲገደል ቆመው አዩ› የሚል አንብቦ ቡና ላይ አያቱን ጠየቃቸው። አባቴ አንድ ቃል ሳይመልሱ ተነሥተው ወጡ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ያቺ አገር ነፃ በወጣች በጥቂት ወራት የፈረሰችው ሕዝቧ ራሱን ለማስተዳደር ስላልተዘጋጀ ነው? ሉሙምባን የገደለችውስ አሜሪካ ናት? ወታደሮቻችንስ ጥፋት አለባቸው?»

ከፎቶግራፉ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ የሚፈታው እሱ ነው። አባትዎ የጻፉት ትክክል ነው፤ 1952 ያሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ኮንጎ ከቤልጅየም ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1960 ላይ ይውላል። እርስዎ ያነበቡትም አባትዎ የጻፉትም አንድ ዓመት ነው። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው፤ ኮንጎ የዘመተው ደግሞ ጠቅል ብርጌድ። ሁለቱም በፈረስ ስም የተጠሩ ናቸው፤ ቃኘው የራስ መኮንን፣ ጠቅል የልጃቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ዘመቻዎች ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ከዚሁ ከዘመን አቆጣጠሩ ነው።

ያ ጽሑፍ እርስዎ ካሰቡት በላይ ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጦር ወደ ኮንጎ እንዲላክ የወሰነው ሐምሌ 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ቀን ጳጉሜን 5 ነበር። እንግዲህ ስታንሊቪል ቆሞ «1952» ብሎ የጻፈ ኢትዮጵያዊ ወታደር ፎቶግራፉን የተነሣው በእነዚያ ሁለት ወር በማይሞሉ ሳምንታት ውስጥ መሆን አለበት። አባትዎ መጀመሪያ ከገቡት መካከል ናቸው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር ዋና ምድቡ ስታንሊቪልና አካባቢዋ፣ የዛሬዋ ኪሳንጋኒ፣ ነበር። ይህን ነጥብ ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«አልተዘጋጁም ነበር» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፣ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቆጠራው እውነት ነው። ከኢትዮጵያ ሁለት እጥፍ በሚሰፋ፣ ወደ 15 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት አገር የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላቸው ኮንጎዎች 30 እንኳ አይሞሉም ነበር። 25,000 ያህል ወታደር በነበረው የቅኝ ግዛቱ ጦር ውስጥ ከበታች ሹምነት ያለፈ አንድም ጥቁር መኮንን አልነበረም። ነገር ግን ይህን ቆጠራ ሕዝቡን ለመክሰስ መጠቀም ፍርደ ገምድልነት ነው። ትምህርት ቤቱን የያዘው፣ ማዕረጉን የሚሰጠውና የሚነፍገው የቤልጅየም አስተዳደር ነበር። ያው አስተዳደር በጥር ወር ብራስልስ ላይ በተጠራ ጉባኤ ተቀምጦ ነፃነቱ በሰኔ እንዲሆን ተስማማ፤ አምስት ወር መሆኑ ነው። በግንቦት በተደረገው ምርጫ የፓትሪስ ሉሙምባ ፓርቲ ከ137 የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 33ቱን አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ብቻውን ለመግዛት ግን አልበቃውም። ስለዚህ ሉሙምባ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ተቀናቃኙ ጆሴፍ ካሳቩቡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሁለቱ ሥልጣን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው ሕገ መንግሥት ለብዙ ትርጉም የተጋለጠ ነበር። ይህ በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ስለ ነፃነቱ ቀን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ ልጅዎ ማንበቡ አይቀርምና። ንጉሥ ቦዱዋን በንግግራቸው የአያታቸውን አጎት የንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊን ሥራ እንደ ታላቅ ጥበብ አወደሱ፤ እጅ ያስቆረጠውን፣ ሕዝብ የጨረሰውን፣ ሰው በግዳጅ ጎማ የለቀመበትን ዘመን ማለታቸው ነው። ሉሙምባም በፕሮግራሙ ያልነበረ ንግግር አደረገ፤ ግርፋቱን፣ ስድቡን፣ የተነጠቀውን መሬት አንድ በአንድ ቆጠረ። «ከእንግዲህ ዝንጀሮዎቻችሁ አይደለንም» አለ የሚባለው ግን በንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የተናገረው በራሱ ይበቃል፤ ያልተናገረውን መጨመር አያስፈልግም።

አገሪቱ የፈረሰችው በንግግሩም በትምህርት ማነስም አይደለም። መንግሥት የሚቆምባቸው ሦስት ምሰሶዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለተነቀሉ ነው፤ ጦሩ፣ ገቢውና ዳር ድንበሩ።

መጀመሪያ የተነቀለው ጦሩ ነው። በአምስተኛው ቀን ማለዳ የጦሩ አዛዥ ቤልጅየማዊው ጄኔራል ጃንሴንስ ወታደሮቹን ሰበሰበና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው፦ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ»። ያንን ሰሌዳ በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት። ከፊቱ የተሰለፉት ወታደሮች ከሰኔ 23 ጀምሮ ጎረቤታቸው ሚኒስትር፣ ዘመዳቸው የምክር ቤት አባል ሲሆን ያዩ፣ ራሳቸው ግን ትናንት በሚያዝዛቸው ነጭ መኮንን ሥር የቀሩ ናቸው። ዐመፁ በዚያው ዕለት ጀመረ። መኮንኖች ተያዙ፣ አውሮፓውያን ተደበደቡ፣ ሴቶች ተደፈሩ፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሉሙምባ ጄኔራሉን አሰናበተ፣ ኮንጎዎችን በመኮንንነት ሾመ። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም እንዲሆን የመረጠው የቅርብ ረዳቱን ጆሴፍ ሞቡቱን ነበር። ከዓመቱ ሹመቶች ሁሉ ከባዱ ስሕተት ይህ ይመስለኛል።

ሐምሌ 3 ቀን ቤልጅየም «ዜጎቼን ልጠብቅ» ብላ መንግሥቱ ሳይጠራት ጦሯን አስገባች። በማግስቱ፣ ሐምሌ 4፣ በደቡብ ያለችው የካታንጋ ክፍለ ሀገር መሪ ሞይስ ሾምቤ የካታንጋን መገንጠል አወጀ። ካታንጋ ማለት መዳብና ኮባልት ማለት ናት፤ ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ ዩራኒየም በአብዛኛው የወጣውም ከዚያው ምድር ነው። የኮንጎ መንግሥት ገቢ ትልቁ ክፍል ከዚያ ይመጣ ነበር። ዩኒየን ሚኒየር የተባለው የማዕድን ኩባንያ ለማዕከላዊው መንግሥት የሚከፍለውን ግብር ለሾምቤ መክፈል ጀመረ፤ የካታንጋን ጦር የቤልጅየም መኮንኖች አደራጁት። እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች 30 ሳይሆን 30,000 ቢሆኑስ፣ ጦሩ ያመፀበት፣ ካዝናው የተወሰደበት፣ የቀድሞ ገዢው ጦር በግዛቱ የሰፈረበት የአሥራ ሁለት ቀን መንግሥት ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ሉሙምባና ካሳቩቡ በአንድነት የተባበሩት መንግሥታትን ጠሩ። አባትዎ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ቱኒዚያ፣ ጋና፣ ሞሮኮና ኢትዮጵያ ፈጥነው ጦር ላኩ። አሁን የምለው የመልሴ እምብርት ነውና ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። ሉሙምባ ያ ጦር ካታንጋን እንዲመልስለት ፈልጎ ነበር። ጦሩ የተላከበት ትእዛዝ ግን ሌላ ነበር፤ ጸጥታ ማስከበርና የቤልጅየም ጦር እንዲወጣ ማገዝ። መሣሪያ ራስን ለመከላከል ብቻ ይተኮሳል፤ በአገሪቱ የውስጥ ፖለቲካ ጠብ ውስጥ አይገባም። ዋና ጸሐፊው ዳግ ሀመርሾልድ ይህን መስመር አጥብቀው ያዙ። ሰማያዊ ቆብ የለበሰው ወታደር መንገድ ይጠብቃል፣ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቃል፣ የሚሸሹ ሲቪሎችን ያጅባል። ነሐሴ 21 ቀን ስታንሊቪል ላይ የአሜሪካ አውሮፕላን ሠራተኞች የቤልጅየም ፓራሹት ወታደሮች ናቸው ተብለው በሕዝቡና በወታደሮች ክፉኛ ሲደበደቡ ከሞት ያተረፏቸው የኢትዮጵያ ወታደሮች ናቸው። አባትዎ በዚያ ቀን እዚያ ከተማ ነበሩ ብሎ መገመት በጣም ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጣደፈ። ሌላዋ የአገሪቱ ክፍል ደቡብ ካሳይ በነሐሴ መጀመሪያ ተገነጠለች። ሉሙምባ የተባበሩት መንግሥታት እንቢ ያሉትን ከሶቪየት ኅብረት ጠየቀ፤ አውሮፕላንና የጭነት መኪናም መጣለት። በዚያ የተጓጓዘው ጦር ካሳይ ውስጥ ብዙ ሲቪል ፈጀ። ሉሙምባን እንደ ሰማዕት የሚያዩ ጸሐፊዎች ይህን ይዘሉታል፤ መዘለል የለበትም። ለዋሽንግተን ደግሞ ሉሙምባን በጠላትነት ለመፈረጅ የሶቪየት አውሮፕላን ማየት በቂ ነበር።

ነሐሴ 30 ቀን ካሳቩቡ በሬዲዮ ሉሙምባን ሻርኩት አለ፤ ሉሙምባም ወዲያው ካሳቩቡን ሻርኩት አለ። ሁለቱም የምክር ቤቱ ክፍሎች በቀናት ውስጥ ከሉሙምባ ጎን ቆሙ። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ኃላፊዎች ሬዲዮ ጣቢያውንና አውሮፕላን ማረፊያዎቹን ዘግተው ነበር። በወረቀት ላይ ለሁለቱም የተዘጋ ነው፤ በተግባር ግን ካሳቩቡ ከወንዙ ማዶ ያለውን የብራዛቪል ሬዲዮ ይጠቀም ነበር፤ ሉሙምባ የሕዝብ ድጋፉ ወዳለበት ወደ ስታንሊቪል ለመብረርም ሆነ ሕዝቡን ለመጥራት መንገድ አጣ። «ገለልተኛ ነኝ» ማለት ለአንዱ ወገን መፍረድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ለተማሪዎች ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህን ሳምንት ነው። የድርጅቱ ጥፋት የሚፈለገውም እዚህ ነው፤ ውሳኔው በተሰጠበት ቢሮ እንጂ ጠመንጃ ይዞ በር ላይ በቆመው ወታደር ዘንድ አይደለም። መስከረም 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሞቡቱ ሁለቱንም «ከሥራ አግጃለሁ» ብሎ ሥልጣኑን ያዘ፤ ካሳቩቡን ብዙም ሳይቆይ መለሰው፣ ሉሙምባን ግን አልመለሰውም።

ሉሙምባ ከዚያ በኋላ በመኖሪያ ቤቱ በሁለት ክበብ ተከቦ ተቀመጠ። ውስጠኛው ክበብ እንዳይያዝ የሚጠብቁት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች፣ ውጨኛው ቢወጣ የሚይዙት የሞቡቱ ወታደሮች ነበሩ። ኅዳር 18 ማታ ተደብቆ በመኪና ወጣ። ሊሄድ ያሰበው ወደ ስታንሊቪል ነበር፤ በወጣትነቱ በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ወደሠራባት፣ ፖለቲካውን ወዳጎለበተባት፣ አባትዎ ፎቶግራፍ ወደተነሡባት ከተማ። አልደረሰም። በየመንደሩ ሕዝቡ እያስቆመ ንግግር ሲያስደርገው ቀናት አለፉ፤ ኅዳር 22 ካሳይ ውስጥ ሳንኩሩ ወንዝ አካባቢ ተያዘ። ከቤቱ ከወጣ በኋላ በአካባቢው የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ትእዛዝ በእሱም በአሳዳጆቹም መካከል እንዳይገባ የሚል ነበር።

ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሁለት ጓዶቹ ከሞሪስ ምፖሎና ከጆሴፍ ኦኪቶ ጋር በአውሮፕላን ወደ ካታንጋ ተወሰደ፤ መንገዱን ሙሉ ሲደበደብ። በዚያው ሌሊት የካታንጋ መሪዎች በተገኙበት፣ ቤልጅየማዊ መኮንን ባዘዘው ተኳሽ ቡድን ሦስቱም ተገደሉ። በኋላም አንድ ቤልጅየማዊ የፖሊስ መኮንን አስከሬናቸውን አውጥቶ በአሲድ አቀለጠው። የካታንጋ መንግሥት ሞቱን ያሳወቀው የካቲት 6 ነው።

እንግዲህ «አሜሪካ ገደለችው» የሚለው እንደተባለው አይቆምም፤ «አሜሪካ የለችበትም» የሚለውም አይቆምም። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሉሙምባን ለመግደል መርዝ ወደ ኮንጎ ዋና ከተማ ወደ ሊዮፖልድቪል፣ ወደ ዛሬዋ ኪንሻሳ፣ ልኮ ነበር፤ ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 በአሜሪካ ሴኔት ምርመራ ተገልጧል፤ መርዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ለገዳዮቹ አሳልፈው የሰጡት የሊዮፖልድቪል ሰዎች፣ የሞቡቱና የካሳቩቡ ወገን ናቸው። የገደሉት የካታንጋ መሪዎችና ከጎናቸው የቆሙት ቤልጅየማውያን ናቸው። የቤልጅየም ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አገሪቱ የሞራል ኃላፊነት እንዳለባት አመነ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ። ከአስከሬኑ ተርፎ ያ የፖሊስ መኮንን ያስቀረው አንድ ጥርስ ለቤተሰቡ የተመለሰው በአውሮፓውያኑ 2022 ነው።

«ቆመው አዩ» የሚለው ነገር ከእውነት ጋር የሚያያዝ አንድ ክር አለው። አውሮፕላኑ በካታንጋ ዋና ከተማ በኤልዛቤትቪል ሲያርፍ በማረፊያው ጥቂት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ነበሩ፤ እስረኞቹ እየተደበደቡ ሲወርዱ ከርቀት አይተዋል። እነሱ የስዊድን ወታደሮች ናቸው። ግድያው የተፈጸመው ከዚያ ርቆ፣ በጨለማ፣ በዱር ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ቦታ አልነበረም። ጦራችን ኤልዛቤትቪል ላይ ከካታንጋ ጋር የተዋጋው በኋላ ነው፤ የሉሙምባ ሞት ከተሰማ በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት የካቲት 14 ቀን 1953 የእርስ በርስ ጦርነትን ለመከላከል በመጨረሻ አማራጭነት ኃይል መጠቀም እንዲቻል ፈቀደ። ካታንጋ በጥር 1955 ዓ.ም. እጇን ስትሰጥ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ኢትዮጵያዊው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ሉሙምባ በሕይወት ሳለ የለመነው ፈቃድ የመጣው ከሞተ በኋላ መሆኑ እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለ አባትዎ ዝምታ በእርግጠኝነት የምናገረው የለኝም፤ ማንም የሰውን ልብ ከሩቅ አያነብም። ያለፉበትን ግን አስቡት። የሃያ ዓመት ወጣት ሆነው፣ ሕዝቡ ሉሙምባን እንደ ልጁ በሚያይበት ከተማ ቆመው፣ በኋላ የዚያ ሰው ሞት ተሰማ። በመካከሉ ታኅሣሥ 1953 አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ክብር ዘበኛና ምድር ጦር ተታኩሰዋል፤ ባሕር ማዶ ያለ ወታደር ይህን ወሬ የሚሰማው በቁርጥራጭ ነበር። እንዲህ ያለፈን ሰው «ለምን ቆመህ አየህ?» ብሎ መጠየቅ ባላዩት ነገር መክሰስ ነው። ልጅዎ በክፋት አልጠየቀም፤ ጥያቄው ግን ሐሰት ተሸክሞ ነበር የመጣው።

የምመክርዎ ይህ ነው፤ ዛሬ ነገ አይበሉት፣ 86 ዓመት ዕድሜ ነውና። መጀመሪያ ለልጅዎ ከላይ ያለውን ያስረዱት፣ አያቱንም ይቅርታ ይጠይቅ። ከዚያ ሌላ ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ፎቶግራፉን ብቻ ይዘው ከአባትዎ ጎን ይቀመጡ። ስለ ሉሙምባ አያንሡ። «ይህን ያነሣህ ማን ነው? ከጎንህ ያሉት እነማን ናቸው? የት ታድሩ ነበር? ምን ትበሉ ነበር?» ብለው ይጀምሩ። ሲነግሩዎ በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ አስቀድመው ግን ያስፈቅዷቸው። ቀን ቢያዛንፉ፣ የስታንሊቪልን ነገር ከኤልዛቤትቪል ቢያደባልቁ፣ ባሉበት አያርሟቸው፤ አንዴ የታረመ ሽማግሌ ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም። እርማቱን እርስዎ ለብቻዎ በደብተር ላይ ያድርጉት፤ በአንድ ዓምድ የእኛን አቆጣጠር፣ በሌላው የአውሮፓውያንን ይጻፉ፣ በመካከል የነበሩበትን ከተማ። የሉሙምባን ስም ራሳቸው እስኪያነሡ ይጠብቁ፤ ካላነሡም ይተዉት።

ፎቶግራፉን ከፊትም ከጀርባም ያስቀዱት። የጀርባው የእጅ ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል።